ተራራ እንዴት ይነሳል

ሽቦ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ያንን ስም ግን ከመታወቂያው በቀር የሚያውቀው የለም። ሽቦ ብሎ የሰየመው ታላቅ ወንድሙ ነበር። ልጅ ሳሉ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቶ ጣውላ ላይ ወጥሮ የመጀመሪያ ጊታሩን ስለሠራ ነው ይል ነበር። የሚያየው ሰው ግን ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ጸጉሩ ተጣጥፎ እንደተዘረጋ ሽቦ ወደየአቅጣጫው የቆመ ሰው ነው።

እንጀራው ድምፅ ማጉያ መጠገን ነው። በልብስ ሰፊና በቁልፍ ቀራጭ መሃል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለችው። ሰዎች በሠርግና በስብሰባ የፈነዱ ማጉያዎቻቸውን እንደታመመ ዘመድ ተሸክመው ይመጣሉ።

"ምን ሆነ?" ይላል ሽቦ።

"ኧረ ምንም! ዝም ብሎ ሞተ።"

"ዝም ብሎ የሚሞት ማጉያ አይቼ አላውቅም። ጮሆ ጮሆ ነው የሚሞተው።"

በሳምንቱ መጨረሻ ግን ሌላ ሰው ነበር። ከወንድሙና ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ጣሪያው ዝቅ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሮክ ይጫወታል። አንዳንዴ አዳራሹ ጢም ይላል፤ አንዳንዴ ከአስተናጋጆቹ ሌላ ሰሚ አይኖርም። ለእነሱ ያው ነበር። ወጣት ሳሉ ጀምረው ጸጉራቸው እስኪሸብት ተጫወቱ። ወንድሙ ድራም ይመታል። አመታቱ ከሌላ ሰው አይገጥምም፤ ደስ ሲለው ይፈጥናል፣ ሲከፋው ይጎትታል፤ ሽቦም ልጅ ሆኖ በመንገድ ላይ እንደሚከተለው ሁሉ ሳያስብ ይከተለዋል። ሽቦ በጊታር የማይሠራው ጉድ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም፤ የዘፈኑን እርምጃ ራሱ ይዞ አያውቅም። እርምጃው ጋሼ የሚለው የታላቅ ወንድሙ ነበር።

ጋሼ ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ጊታሩ ከነሳጥኑ ከሱቁ በር ኋላ ቆመ፤ የተበላሹ ማጉያዎች በላዩ ላይ ተደራረቡ። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛው አንድ ጥሩ ድራም መቺ ይዞለት መጣ። አንድ ዘፈን ጀመሩ። ሽቦ መሃል ላይ እጁን አነሳና፣ "ልጁ ጎበዝ ነው፤ እኔ ነኝ ያልሆንኩት፤ ይቅርታ" ብሎ ሽቦዎቹን ጠቅልሎ ወጣ። ደግሞ የጠየቀው የለም።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት አጠር ያለች፣ ትልቅ ቦርሳ ያነገተች ሴት ሱቁ ደጃፍ ቆመች።

"ጋሽ ሽቦ ማለት እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። ማጉያው የታለ?"

"የምን ማጉያ?"

"ልታስጠግኚ ያመጣሽው ነዋ።"

"እኔ ያመጣሁት ተራራ ነው" አለች።

ሽቦ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ሴትዮዋ የፊልም ዳይሬክተር ነበረች። የምትሠራው ፊልም ስለ አንድ የተኛ ተራራ ነው። ሰዎች ጭኑ ላይ መንደር ቆርቁረው፣ ወልደው ከብደው፣ ሕይወት ያለው መሆኑን ረስተውታል። አንዲት ልጅ ትቀሰቅሰዋለች። ተራራው ይነሳል፤ መንደሩን እንደያዘ ይሄዳል።

"ሲነሳ ረጅም ነው፤ ቃል የለውም" አለች። "የሚናገረው ሙዚቃው ብቻ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከማጉያዎ ፊት ቆሜ ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ሲጮህ ከረመ። ያንን ድምፅ ነው የምፈልገው።"

"ሐኪም ቤት ሄድሽ?"

"አልሄድኩም። ደስ ብሎኝ ነበር።"

ሽቦ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሰበሰበና፣ "ወንድሜ እኮ የለም" አለ።

"ሰምቻለሁ" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ይህ ሽቦን ደስ አሰኘው። ሰዎች ብዙ ይጨምሩ ነበር።

ከመሄዷ በፊት እውነቱን ነገረችው። የፊልሙ ፕሮዲውሰር ተሠርቶ ከሚሸጥ ሙዚቃ አንዱ ተመርጦ ይግባ ይላል፤ እሷ እንቢ ብላለች። የሽቦ ሙዚቃ ካላማረ ግን ያኛው ይገባል። ምስሉን የያዘ ላፕቶፕ ትታለት ስትወጣ፣ "ምስሉ ገና አላለቀም፤ እንዳያደናግርዎ" አለችው። ሽቦ ገና የሚቀባ ቀለም ያለ መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

የሚሠራበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ወንድሙ መኪና ቢገዛ ሊያቆምበት የሠራው፣ መኪናው ሳይመጣ የሙዚቃ ቡድናቸው የገባበት ክፍል። ግድግዳው ድምፅ እንዳያስወጣ በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ፍራሽ ተለብጧል። ከቀብር ወዲህ ሽቦ አልረገጠውም። የወንድሙ ሚስት መጋረጃ ሰፊ ናት፤ በሩን ስትከፍትለት አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ነበር።

"እትዬ" አለ በሩ ላይ ቆሞ፣ "አንድ ነገር ልሞክር ነው። ይሄ እንቢ ካለኝ ጊታሩን ለሚጫወትበት ሰው እሰጠዋለሁ። ማጉያ መጠገን አያሳፍርም።"

መርፌውን ከአፏ አወጣች። "ማን ያሳፍራል አለህ? ይልቅ ግባ፤ በር ላይ አትገተር፤ ዝንብ ታስገባለህ።"

ድራሞቹ ጥግ ላይ አበባ ባለው አንሶላ ተሸፍነዋል። ሽቦ አንሶላውን አልነካም። ወንበሩን ፊቱን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ።

ሥራው ከመጀመሪያው አልገጠመም። ከምስሉ ጋር በማዳመጫው የሚመጣ አንድ ድምፅ ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የፊልሙ ኤዲተር በስልክ እንዳስረዳው፣ ለፊልም የሚጫወት ሁሉ እርምጃውን የሚጠብቀው በዚያ ነው። ሽቦ ጠቅታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ጊታሩን አነሳ። ሲፈጥን ጠቅታው አይከተለውም፤ ሲያዘገይ አይጠብቀውም። ጋሼ ቢሆን ሽቦ አንዷን ድምፅ ሲያስረዝም ዱላውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ ሽቦ ሲሮጥ ደግሞ፣ መኪና መንገድ ውስጥ የገባ ልጁን እንደሚያሳድድ አባት ከኋላው ይበራል። ይሄኛው ለማንም ግድ የለውም።

"ይሄ ሰውዬ አይተነፍስም" አለ ሽቦ ለራሱ።

ቀናት አለፉ። ጠዋት ይመጣል፣ ይሞክራል፣ ይደመስሳል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ደንበኞች ማጉያ ሲያመጡ ደስ ይለው ጀመር፤ የማጉያ በሽታ ይታወቃል። አንድ ቀን ግን በጠቅታው በጣም ተማረረና ማዳመጫውን አውልቆ ጣለው። ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ሳይጫወት፣ ምስሉን ብቻ ማየት ጀመረ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በደንብ እንዳላየው የገባው ያኔ ነው።

ልጅቷ ድንጋያማ ሜዳ ላይ ቆማለች። ከፊቷ ከድንጋዮቹ ኋላ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሏል። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጸጉሩ አረንጓዴ ለብሷል፤ ፊቱ ሳይቀር በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጫፉ ላይ ቢጫ ኳስ የተሰካበት ረጅም ዱላ ይዟል።

ሽቦ አልተደናገረም። ወጣት ሳሉ ከወንድሙ ጋር አንድ ቴያትር በሙዚቃ አጅበው ነበር። በዚያ ቴያትር ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የሚያውለበልቡ ሁለት ሰዎች ወንዝ ነበሩ። ራሱ ላይ ቅጠል ያሰረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ደግሞ ጫካ ነበር፤ አንድ ምሽት ጫካው አስነጠሰውና ተመልካቹ በአንድ ድምፅ "ይማርህ!" ብሎት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለሽቦ ግልጽ ነው። ይሄ አረንጓዴ ሰውዬ ተራራው ነው።

ተራራው ሊነሳ ነው። አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቆየ። ሊነሳ ሞከረ፤ ጉልበቱ እንቢ አለው፤ ተመልሶ ዝቅ አለ። እንደገና። በሁለተኛው ተነሳ፤ ግን ወገቡ ወዲያው አልቀና። መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ ትከሻው፣ በመጨረሻ ራሱ። ልጅቷ አፏ ተከፍቶ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ታያለች። ከዚያ መራመድ ጀመረ። አንድ እግሩን አነሳ፤ መሬቱን ልርገጥህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይመስል አየር ላይ ያዘው፤ አሳረፈው። ቆመ። ሌላውን አነሳ።

ሽቦ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ፊት የለው፣ ቃል የለው፣ ዱላ ይዞ ብቻ ይሄ ሰው እንዴት አድርጎ ተራራ ሆነ? መልሶ መልሶ አየው። ባየው ቁጥር ሰውየው እየገዘፈ፣ ድንጋዮቹ እያነሱ መጡ። ሽቦ ተራራ ሲነሳ ብሎ ሲያስብ እስከዚያ ቀን በጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው ፍንዳታ ነው፤ ነጎድጓድ፣ የሚጮህ ጊታር። አሁን ግን ገባው። ዘመናት የተኛ ነገር ዘሎ አይነሳም። ደግሞ ጭኑ ላይ የተኙ ሰዎች አሉ። ልጅ ደረቱ ላይ እንቅልፍ የወሰደው አባት እንዴት ነው ከወንበር የሚነሳው? እንደዚህ ነው የሚነሳው።

"እትዬ! ነይ ጉድ እይ!"

መጋረጃ ትከሻዋ ላይ እንደጣለች መጣች። ጎንበስ ብላ አየች።

"ይሄ ዱላው ላይ የተሰካው ምንድን ነው? እንቁላል ነው?"

"ኳስ ነው።"

"እኔ እንቁላል መስሎኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ተረት ነው እል ነበር" አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተሳቀ ቆይቶ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከምስሉ አላነሳችም። ሰውየው እግሩን አሳርፎ እስኪቆም ጠበቀች። "ከባድ ነገር ተሸክሟል" አለች።

"ዱላ ብቻ ነው የያዘው።"

"አየሁት። ግን ከባድ ነገር ተሸክሟል።"

ሽቦ ጠቅታውን ዘጋው፤ ዳግመኛም አልከፈተውም። የጊታሩን ወፍራም ክር ሊረግብ እስኪደርስ አላላው። ከሱቁ አንድ ድምፅ ማውጫ ወረቀቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ማጉያ አመጣ፤ ስንጥቁ ድምፁን ያስቃስተዋል፤ ለዚህ ብሎ ሳይጠግነው አቆይቶት ኖሯል። ከዚያ ዓይኑን ሰውየው እግር ላይ ተከለ። እግሩ ሲነሳ ክሩን ይነካል፤ እግሩ አየር ላይ ሲቆይ ድምፁም አብሮ ይንጠለጠላል። ሰውየው ሲጠብቅ ይጠብቃል። ሽቦ ወንድሙን ካጣ ወዲህ እሱ የሚከተለው ሰው አገኘ።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነለትም። እግሩ መሬት ሲነካ መምታት ነበረበት፤ ማንም ሰው የሚመታው እዚያ ላይ ነው። ግን እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ በራሱ ይቆማል። ያቺ ቦታ ዕድሜ ልኩን የጋሼ ነበረች። ሽቦ ተሳስቶ እንኳ ገብቶባት አያውቅም። ስለዚህ ድምፁ ይነሳል፣ ይንጠለጠላል፤ እግሩ በሚያርፍበት ላይ ግን ምንም የለም። ጸጥታ። ከዚያ እንደገና ይነሳል።

ሲጨርስ ለእትዬ አሰማት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ባዶዎቹ ጋ እሱ ነበር የሚገባው" አለች።

"አዎ።"

"ሌላ ሰው ታስገባበታለህ?"

"እንጃ። ባዶ ሲሆን ያስፈራል።"

ወለሉ ላይ የወደቀች ስፒል አየችና ጎንበስ ብላ አነሳቻት። "ያስፈራ" አለች፤ ወደ መጋረጃዋም ተመለሰች።

ሙዚቃውን ከምስሉ ጋር የሚያዩበት ቀን ዳይሬክተሯ፣ ኤዲተሩና ፕሮዲውሰሩ በአንድ ጨለም ያለ ክፍል፣ ትልቅ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ጠበቁት። ፕሮዲውሰሩ ሞቅ ያለ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። "አባባ ነጎድጓድ መጡ! ጆሯችንን በምን እንድፈን?" አለ። ሽቦ ጥግ ላይ ተቀመጠ። መብራቱ ጠፋ።

ልጅቷ ታየች። ከዚያ መሬቱ ፈነዳ። ድንጋይ ወደ ሰማይ ተረጨ፤ አቧራ ተነሳ፤ ከአቧራው ውስጥ ዓይኑ እንደ እሳት የሚነድ፣ ከደመና በላይ የሆነ ግዙፍ ነገር ተስፈንጥሮ ወጣ፤ አገሳ፤ ሮጠ። በዚህ ሁሉ መሃል የሽቦ ጊታር አንዲት ድምፅ አንስታ፣ አንጠልጥላ፣ ቆማ ትጠብቃለች።

ፕሮዲውሰሩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ተራራው ደርሶ ተመለሰ እኮ! ሙዚቃው ገና ጫማውን እያሰረ ነው!"

ሽቦ ስክሪኑን በጣቱ አሳየ። "ሰውየውስ?"

"የቱ ሰውዬ?" አለች ዳይሬክተሯ።

"አረንጓዴው። ተራራው።"

ኤዲተሩና ፕሮዲውሰሩ ተያዩ። ከዚያ ኤዲተሩ አፉን በመዳፉ ከደነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳይሬክተሯ ወንበሯን ወደ ሽቦ አዞረች።

"ጋሽ ሽቦ... እሱ እኮ መብራት ተሸካሚያችን ነው። ኳሱን የያዘው ልጅቷ የት እንደምታይ እንድታውቅ ነው። እሱ ይጠፋና በቦታው ይሄ ተራራ በኮምፒውተር ይገባል። ምስሉ አላለቀም ያልኩዎት ይሄንን ነበር።"

ሽቦ ክው አለ። "ቀለሙ መስሎኝ" አለ በቀስታ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። ከልቧ ነበር፤ ግን ምን ይጠቅማል። ፕሮዲውሰሩ ሳቁን ጠርጎ፣ ክፉ ሰው አልነበረምና፣ "አይዞዎት፣ ያጋጥማል" አለና ወደ ኤዲተሩ ዞረ። "በል ያንን የተዘጋጀውን አምጣና እንሞክረው።"

ሽቦ ተነሳ። ጊታሩን ለማን እንደሚሰጥ ማሰብ እንኳ ጀምሮ ነበር፤ ከሱቁ አጠገብ ያለው የቁልፍ ቀራጩ የእህት ልጅ መማር ይፈልጋል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሊከራከር አልነበረም።

"ከመሄዴ በፊት አንዴ በሰውየው ላይ አድርጋችሁ ታሳዩኛላችሁ? በትንሿ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው ያየሁት። በትልቁ ልየውና ልሂድ።"

ኤዲተሩ ዳይሬክተሯን አየ፤ ራሷን ነቀነቀች። አሮጌውን ምስል ፈልጎ ሙዚቃውን አስገባበት።

አረንጓዴው ሰውዬ ግድግዳውን ሞልቶ ቁጢጥ አለ። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ጊታሩ ከወለሉ ሥር የሚመጣ በሚመስል ድምፅ አቃሰተ። ፕሮዲውሰሩ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሰውየው ግን ሊነሳ ሞክሮ ዝቅ ሲል አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ሰውየው ተነሳ። አንድ እግሩን አነሳ፤ ድምፁ ተንጠለጠለ። እግሩ ሲያርፍ ጸጥታው ክፍሉ ውስጥ ገባ። ሌላው እግር። ሌላው ጸጥታ። ካበቃም በኋላ ኤዲተሩ መብራቱን ማብራት ረስቶ ነበር።

"ይሄ ነው ተራራው" አለች ዳይሬክተሯ በመጨረሻ። "ያኛው ርችት ነው።"

የኮምፒውተር ምስል የሚሠሩት ሰዎች አለቃ ተጠርቶ መጣ፤ ነገሩን ሲሰማ ወገቡን ይዞ ቆመ። "የለፋንበት ሁሉ ውሃ በላው በሉኛ!"

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው። "መንደሩ ጭኑ ላይ ተኝቷል። ተራራህ እንደዚያ ሲዘል መንደሩ የት ደረሰ?"

አለቃው ወገቡን ለቀቀ። "እሱን እኛም ስንሠራ ጠይቀን ነበር" አለ። "መልስ የሰጠን የለም።"

ፕሮዲውሰሩ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። አሁን አልቀለደም። ፊልሙ የሚወጣበት ቀን አይገፋም፤ አዲሱ አነሳስ እስከዚያ ካልደረሰ አሮጌው ከተዘጋጀው ሙዚቃ ጋር ይወጣል አለ። በዚህ ተለያዩ።

ሽቦ ወደ ሱቁ ተመለሰ። መጠበቅ ማንንም አይገድልም ይባላል፤ ግን ብዙ ማጉያ ያስጠግናል። ለዓመት የቆዩትን ሁሉ ጠግኖ ጨረሰ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቱ፣ "ምነው ሽቦ፣ አገር ለቀህ ልትሄድ ነው?" አለው። ጊታሩን ለቁልፍ ቀራጩ የእህት ልጅ አልሰጠውም፤ አላነሳውምም። ከበሩ ኋላ መልሶ ሊያቆመው ሲል ግን እጁ እንቢ አለውና ወንበር ላይ አስቀመጠው።

ስልኩ በተደወለ ጊዜ እትዬን ይዟት ሄደ። በዚህኛው አዳራሽ መሃል ላይ ቁልፍ የሞላው ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ድምፅና ምስል የሚዋሃዱት እዚያ ነው። ዳይሬክተሯ አንድ ደልደል ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው አጠገቧ አስቀምጣ ነበር። መብራት ተሸካሚው ነው። ሽቦ ከፊልሙ ሰዎች ሁሉ ይልቅ እሱን ለማየት ጓጉቶ ስለነበር ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠው።

"እንዴት አድርገህ ነው እንደዚያ የተነሳኸው?" አለው።

"የቱን?" አለ ሰውየው። "ጉልበቴን ያመኛል እኮ።"

መብራቱ ጠፋ።

መሬቱ አልፈነዳም። ከልጅቷ ኋላ፣ አድማስ ነው ሲሉት የነበረው መስመር ቀስ ብሎ ተነቃነቀ። ሸንተረር የመሰለው እጅ ነበር። እጁ ተንቀሳቅሶ ኮረብታ የመሰለው ጉልበት ላይ አረፈ። ቆየ። ዛፎች ከትከሻው እንደ አቧራ ረገፉ። ሊነሳ ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ዝቅ አለ፤ ጭኑ ላይ ያሉት የመንደሩ ትናንሽ መብራቶች አብረውት ዝቅ አሉ፤ አንዱም አልጠፋም። የሽቦ ጊታር አቃሰተ። ተራራው ተነሳ። እግሩ፣ ወገቡ፣ ትከሻው፤ ራሱ ደመናውን ሲነካ ደመናው ተከፍሎ አሳለፈው። ሽቦ ይሄንን ሁሉ በቁጥር ያውቀው ነበር፤ እያንዳንዷን ትንፋሽ ያውቃት ነበር። ግን ከዚህ በፊት ምንም እንዳላየ ሰው አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ፣ በልጅነቱ እንኳ አፍጥጦ በማያውቅበት አፈጣጠጥ አፈጠጠ።

ተራራው እግሩን አነሳ። ድምፁ ተንጠለጠለ። ሽቦ ጸጥታውን ጠበቀ።

እግሩ አረፈ። ጸጥታ አልመጣም።

የድምፅ ባለሙያዎቹ የተራራውን እርምጃ እዚያ አስገብተውት ነበር፤ ሌላ የት ያስገቡት? ባዶው የተተወው እዚያ ነው። ጆሮ ከሚሰማው በታች የሆነ፣ የወንበሩን እግሮች ያንቀጠቀጠ አንድ ምት። ጊታሩ አነሳ፤ እግሩ መታ። ጊታሩ አነሳ፤ ጠበቀ፤ እግሩም ጠብቆ መታ። እትዬ የሽቦን እጅጌ ጨበጠች፤ ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም፤ እሱም ወደ እሷ አላየም። ሁለቱም ወደ ላይ እያዩ ተቀመጡ።

መብራቱ በራ። ፕሮዲውሰሩ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል። በመጨረሻ መብራት ተሸካሚው ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ስክሪኑን እያየ፣ "እናንተ ሰዎች" አለ፣ "ይሄንን ነው እንዴ ተሸክሜ የምዞረው?"

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ዳይሬክተሯ ወደ ሽቦ መጣች። አንድ ነገር ቀርቷል አለች። ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሠራተኞቹ ስም በጥቁር ላይ የሚያልፍበት ቦታ ሙዚቃ የለውም።

"ምስል የለውም?"

"ጥቁር ብቻ ነው። የሚከተሉት ነገር የለም። የፈለጉትን ይጫወቱበት።"

ሽቦ ያኔ ነው የፈራው። ተራራው እንዲህ አላስፈራውም።

በማግስቱ ጠዋት እዚያ ክፍል ውስጥ ጊታሩን ታቅፎ ብዙ ተቀመጠ። ላፕቶፑ ላይ ጥቁር ነው፤ ማዳመጫው ጸጥ ብሏል። ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ስፌት መኪና ይሰማል፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። ወንበሩን አዞረ። አበባ ያለውን አንሶላ አየው፤ ደህና አድርጎ አየው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ።

ገና ከመነሻው ቸኮለ። ሲቸኩል ታወቀው፤ ቀስ የሚያደርገው፣ ከኋላ የሚደርስበት ሰው አልነበረም። እግሩ ወለሉን ሲመታ ሰማ። የራሱ እግር ነበር። ጊታሩ ጮኸ፤ እንደዱሮው፣ ጆሮ የሚያሳምም ጩኸት ጮኸ፤ ካርቶኖቹ ግድግዳው ላይ ተንቀጠቀጡ። እርምጃው አንዴ ሊያመልጠው ደረሰ፤ ያዘው። ሌላ ጊዜ አመለጠው፤ ተከትሎት ሮጠ።

የስፌት መኪናው ቆመ።

"አንተ ሽቦ!" አለች እትዬ ከማዶ። "ምን አባረረህ?"

ሽቦ ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጣትም። እጁ ሥራ ላይ ነበር።